መጀመሪያ አበላሸው

ሥራ የማይበረክትለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሊመክረው ይመጣል፤ እሱ ግን መካሪዎቹን መክሮ ይሸኛል። ለእኛ የሙያ ማሠልጠኛ የደረሱት ጋሼ አበላሸው ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን።

ክቡርነታቸው አውቶቡስ ነድተዋል፤ ረዳታቸውን መንዳት እያስተማሩ ፌርማታ ስለሚያልፉ ተሰናበቱ። ፀጉር አስተካክለዋል፤ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ራሱን ከርክመው መቀሱን ቢያስጨብጡት፣ «የቀረውን አንተ ጨርሰው፣ እጅህ ይልመድ» ቢሉት፣ ሰውየው ወጥቶ በዚያው ቀረ። አናጢም፣ የሆቴል ወጥ ቤትም ሆነዋል። በመጨረሻ ማሠልጠኛችን በጥበቃ ቀጠራቸው። የእንጨት ሥራ መምህሩ ታሞ ክፍሉ ሲንጫጫ ዝም ሊያሰኙን ገቡ፤ እስከ ዛሬም አልወጡም።

ዘዴያቸው አንዲት ናት፦ «መጀመሪያ አበላሸው፤ ከዚያ እናወራለን።» ጠማማ የቆረጠ ይመሰገናል፤ ምስማር ያጎበጠ ለምን እንደ ጎበጠ ለክፍሉ ያስረዳል። እኔ ደግሞ ስለ መጋዝ ብዙ አንብቤ መጋዝ ያልነካሁ ሰው ነበርኩ። ሳንቃዬን እለካለሁ፤ የለካሁትን መልሼ እለካለሁ። «ልጄ፣ ይህ እንጨት በልኬት አረጀ እኮ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ ያበላሸነውን ሳንቃ ክምር አዩና ፈረዱ፦ ከነገ ጀምሮ አንድ የማሠልጠኛው ሳንቃ ቢበላሽ ጋሼ ወደ ጥበቃ ቤታቸው ይመለሳሉ።

«እመቤቴ» አሉ ክቡርነታቸው፣ «ሳያበላሽ የተማረ ሰው ካለ ያምጡልኝ፤ እኔም ከእሱ ልማር።»

በማግስቱ የራሳቸውን ሳንቃ ተሸክመው መጡ። በደስታ አበላሸነው። ረፋድ ላይ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው የአልጋቸው ራስጌ የት እንደ ገባ ጠየቁ። ጋሼ በኩራት ወደ እኛ ጠቆሙ።

«እየተማሩበት ነው።»

ሴትዮዋ የራስጌያቸውን ስብርባሪ ተራ በተራ አዩ። «ተመስገን» አሉ። «ዕድሜ ልኩን የሚያስተምረው እኔን ነበር፤ እፎይ፣ ተማሪ አገኘ።»

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ራስጌው አልቋል፤ የቀረው የማሠልጠኛው ሳንቃ ብቻ ነው። ዳይሬክተሯም ለቁጥጥር ገብተው ከኋላዬ ቆመዋል። ባበላሽ መምህሬን አጣለሁ። አሞኛል ብዬ ልወጣ ስል ጋሼ መጋዙን አስጨበጡኝ።

«ቁረጥ፣ ልጄ። ስለ እኔ አታስብ።»

ቆረጥኩ። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ጠማማ ሆነ። ዳይሬክተሯ እኔን ትተው ወደ ጋሼ ዞሩ። ያን ጊዜ፣ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ለማለት የማልደፍረው እኔ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ክንዴን ሳልዘረጋ ገፋሁት፤ ስለዚህ ጠመመ። ሁለተኛ ሳንቃ ይሰጠኝ። እሳቸው ከሄዱ እኔም መጋዜን አስረክባለሁ።»

ከኋላዬ አግዳሚዎች ተንቋቁ፤ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሏል። ዳይሬክተሯ ጠማማውን ሳንቃ አገላብጠው አዩት፣ እኔንም አዩኝ፤ ከዚያ የሳንቃውን መጋዘን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወጡ።

ከሁለተኛው ሳንቃ የሠራሁት በርጩማ እስከ ዛሬ ይወላገዳል። ክፍሉ ውስጥ ደህና ወንበር ሞልቷል። ክቡርነታቸው ግን ሲደክማቸው ከእሱ በቀር ሌላ ላይ አይቀመጡም።