የንጹሕ አየር ኮሚቴ በዝግ መስኮት

ባለውለታዎች እንዳይዘነጉ፣ በኮሮናው ክረምት ቤቴል አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የተፈጸመውን ገድል በአክብሮት እናወሳለን። ወረርሽኙ ሲገባ ሆስፒታሉ አልተደናገጠም፤ ኮሚቴ አቋቋመ። ስሙም «የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምናን ከወቅቱ ሁኔታ ጋር አጣጣሚ ዐቢይ ኮሚቴ» ተባለ። ያለ እሱ ፈቃድ ምላጭ አይነሳም። ሰብሳቢው አስተዳዳሪው አቶ ቀለመወርቅ ሲሆኑ፣ ከግዢ እስከ ጥበቃ ያልተወከለ ክፍል አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ጃለታ ብቻ ወንበር ስላልተረፈ በር ላይ ቆመው እንዲከታተሉ ተፈቀደላቸው።

ውሳኔውን የሚጠብቁት ወይዘሮ ሸዋገነት መጋረጃ ሰፊ ናቸው። አንጎላቸው ሥር የበቀለው ዕጢ የዓይናቸውን ነርቭ እየተጫነ፣ ማየታቸው ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። ልጃቸው ናዝራዊት እጃቸውን ይዛ ታመላልሳቸዋለች።

«ዶክተር፣ ይቺን ልጅ በድምፅ ብቻ ልለያት ነው እኮ!» አሉ አንድ ቀን።

ዶክተር ጃለታ ነገሩን ለኮሚቴው አቀረቡ።

«አስቀድመን ለኮሮና እንመርምራቸው፤ ጥሩ ጭምብል እናድርግ፤ ቀዶ ክፍሉ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይግባ። ነገውኑ መሥራት እንችላለን።»

«ነገ» መባሉ ኮሚቴውን ቅር አሰኘው። አንድ አባል፣ ሐኪሙ ከታካሚዋ ሁለት ሜትር ርቀው ቀዶ ሕክምናውን እንዲያከናውኑ ሐሳብ አቀረቡ።

«እጄ አይደርስማ!» አሉ ዶክተር ጃለታ።

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው፤ በንዑስ ኮሚቴ ይታያል።»

ከዚያም በቀዶ ክፍሉ የሰው መጨናነቅን ስለ መቀነስና የአየር ዝውውርን ስለ ማሻሻል፣ ትከሻ ለትከሻ በተጣበቁ አባላት ሰፊ ውይይት ተደረገ። ውጭ ይዘንባል፤ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ጭምብሎች ለንግግር እንዲመቹ አገጭ ላይ ወርደዋል።

«መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተውስ?» አሉ ዶክተር ጃለታ ከበሩ።

«በዚህ ወረርሽኝ ላይ ብርድ ሊያስመቱን ነው እንዴ?» ተቆጡ አቶ ቀለመወርቅ። የንጹሕ አየር መመሪያውም በጭብጨባ ጸደቀ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ከነንዑስ ኮሚቴው ለይቶ ማቆያ ገባ። የሚከለክል ሲጠፋ ዶክተር ጃለታ ወይዘሮ ሸዋገነትን አስመርምረው፣ ጥቂት ባልደረቦቻቸውን ይዘው ዕጢውን አወጡት። በማግስቱ ናዝራዊት ገና ከበሩ ስትገባ እናቷ አዩዋትና «ምነው ልጄ፣ ከስተሻል» አሏት። ልጅቷ እናቷን አቅፋ አለቀሰች።

ኮሚቴው አገግሞ ሲመለስ «በኮሚቴው የቅርብ ክትትል የተገኘ ውጤት» የሚል ባነር አሠርቶ፣ የታካሚዋን ክፍል ሞላው። አቶ ቀለመወርቅ በቅድሚያ መስኮቱን ዘጉ፤ ቀጥሎ ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ለመሆኑ አሁን በደንብ ያያሉ?»

«ተመስገን፣ አያለሁ። ጭምብልዎ አገጭዎ ላይ ነው። ያንን መስኮትም መልሰው ይክፈቱልኝ።»

ኮሚቴው የታካሚዋ ዓይን በትክክል እንደሚያይ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። የመስኮቱ ጉዳይ ግን ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ።