ባቡሩ ሽማግሌ የላከብኝ ዕለት

ለክቡራንና ክቡራት አንባቢያን በሙሉ፤ ትናንት ማታ ትራሴን ገልብጬ የተኛሁ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። እርምጃው የተወሰደው አንዱ ወገን ስለሞቀ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ላየሁት ሕልም ግን ትራሱን ብቻውን ተጠያቂ አላደርገውም። በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ጋሽ አጥናፉ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው ትርሲትን ለኔ ሊለምኑ አባቷ ቤት ሊሄዱ ነበር። አባቷ ጋሽ አሰግድ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጽፌ እንደምኖር የሰሙ ዕለት «መጻፉንስ ይጻፍ፤ ሥራው ምንድን ነው?» ብለዋል። ይህችን አባባል ታቅፌ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ የላዩ ባቡርና የምድር ውስጡ ባቡር የሚገናኙበት ትልቁ ጣቢያ ቆሜያለሁ። የምድር ውስጥ ባቡር መቼ ኖረንና አትበሉኝ፤ ሕልሜ ያለ ጨረታ ቆፍሮ ጨርሶታል። ሰው ግን አልተሰለፈም። የተሰለፉት ባቡሮቹ ናቸው። አንዱ ሾልኮ ሊቀድም ሲል ከኋላው ያለው «ወንድም፣ ሰልፍ አይታይህም?» አለው። ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን ባቡሮች፣ ተሳፋሪው በመዘግየታቸው ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ዛሬም?» አለ አንድ አሮጌ ባቡር። «ይሄ ሰው መቼ ነው የሚሻሻለው?»

የኤሌክትሪክ ደረጃው ደክሞት ቁጭ ብሏል፤ ሰዎች ተሸክመው ወደ ላይ ያወጡታል። አንድ ሰውዬ ኪሱን ጨምድዶ እየሮጠ መጣ።

«ሌባ! ሌባ! ኪሴ ውስጥ ስልክ ከተተብኝ!»

«ቻርጀሩንም?» አለው ፖሊሱ።

«ቻርጀሩንም!»

«አይ ጭካኔ!»

ፖሊሱን ይዤ የሚጠበቀው ተሳፋሪ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንተ ነህ እንጂ! ባቡሩ በር ዘግቶብህ ስለሄደ አኩርፈሃል አሉ። ሽማግሌ ልኮብሃል፤ እየመጡ ነው።»

ወዲያው የባቡሩ በር ተከፈተና ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ፊት ፊት የሚመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ አሰግድ! በድሮው የባቡር ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። በጣቢያው የነበረው ሕዝብ ሳልጠራው ከኋላዬ መጥቶ ዘመዴ ሆነ።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ፤» አልኩ አግዳሚውን እየሳብኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!»

ይህን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ብድግ አለ። ባቡሩ ውስጥ መቀመጫ የነበራቸው በሙሉ ለመቆም ይጋፉ ጀመር። አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ እርስዎ ይቁሙ! እኔ ወጣት ነኝ፣ መቀመጥ እችላለሁ!» ሲል ሰማሁት።

«ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩ።

«ሁለት ነገር ልንለምን ነው፤» አሉ ጋሽ አሰግድ። «አንደኛ፣ ይህ ባቡር አጥፍቷል፤ ይቅር በለውና ተሳፈርበት። ሁለተኛ...» ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሁለተኛ፣ ልጄን ትርሲትን አግባልኝ።»

«እሺ» ልል ምንም አልቀረኝም። ግን እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ እግሬን አነባበርኩ።

«ከባቡሩ እንጀምር። ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ጨዋ ነው። ከሐዲዱ ወጥቶ አያውቅም።»

«መጠጥስ ይቀምሳል?»

«ኤሌክትሪክ ብቻ።»

«ሥራውስ?»

«ይሄዳል፤ ይመጣል።»

«መሄዱንስ ይሂድ፤ ሥራው ምንድን ነው?»

ዘመዶቼ በሳቅ ፈነዱ። ሎሚ የምትሸጥ አንዲት ሴት «በላቸው የኔ ጀግና!» ብላ ጮኸች። ያኔ፣ የሴት ወገን ብቻ ሽማግሌ ፊት የሚናገራትን፣ ስንቱን ወንድ ደጅ ያስጠናችውን ቃል እኔ ተናገርኳት።

«እናስብበታለን። ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ኑ።»

ባቡሩ አለቀሰ። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ እንባውን ይጠርግለታል። ጋሽ አሰግድ ከሐዲዱ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ከፊቴ ተንበረከኩ። በዚህ ጊዜ ትርሲት በሹፌሩ መስኮት ብቅ አለች፤ ባቡሩን የምትነዳው እሷ ኖራለች።

«አንተ! አባቴን ትንሽ አስጨንቀው አልኩ እንጂ ወገቡን ስበረው አልኩ?»

«እሺ ልበላቸው?»

«በል እንጂ፣ ቬሎው ጠቦኛል!»

«እሺ!» አልኩ።

የላዩም የታቹም ባቡር እልልታውን አቀለጠው። የጣቢያው ጣራ ተከፈተ፤ የምድር ውስጡ ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይ አይቶ «ይሄ ነው እንዴ ሲያወሩለት የከረሙት?» አለ። በሰሌዳው ላይ የተጻፉት መድረሻዎች ሁሉ ተሰርዘው «ሠርግ ቤት» የሚል ብቻ ቀረ። ሕዝቡ ባቡሩን ከነትርሲት፣ እኔንም ከነጫማዬ የባቡሩ ጣራ ላይ አስቀምጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ ጎዳናውን ሞላው። ጋሽ አሰግድ ድንጋያቸውን ጥለው ፊሽካ እየነፉ ከፊት ይሮጣሉ።

«መንገድ! መንገድ ልቀቁ! ሙሽራው ጸሐፊ ነው! ጸሐፊ ነው እኮ!»

ይህ ቃል ከሰው አፍ እንዲህ አምሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እጄን ወደ ሕዝቡ አነሳሁ። እጄ ግድግዳ መታ።

በሬ እየተንኳኳ ነው። ነግቶ ረፍዷል። ከፈትኩ። ጋሽ አጥናፉ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ቆመዋል።

«ደርሳችሁ መጣችሁ? ምን አሉ?»

«እሺ አሉ።»

አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። «ትርሲትን ሰጡኝ?»

«ላንተማ እናስብበት ነው ያሉት። እሺ ያሉት ለኔ ነው። የአሰግድን እህት፣ ወይዘሮ ዘነበችን። ሠርጉ ለጥር ነው።»

አጎቴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንኳን ሴት፣ ጎረቤትም ቀና ብለው የማያዩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ! የላክሁዎት እኮ ለኔ እንዲለምኑልኝ ነው! ምን ብለው ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት?»

ቀስ ብለው ገቡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ክራባታቸውን ፈታ አደረጉ።

«እሱን አላስረዳም፤» አሉ።