እትዬ ብርቄ እና ስብ አቅላጩ ሻይ

አንድ መድኃኒት ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ አክስቴ እትዬ ብርቄ ናቸው።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ዘመድ ከቻይና የመጣ፣ ለዓመታት የተብላላ ጥቁር ሻይ ሰጣቸው። «ስብ ያቀልጣል» ተባሉ፤ ጠጡት፤ እውነትም ከሱ! ጎረቤቱ ሁሉ የሻዩን ስም ሲጠይቅ፣ ሴትዮዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምሱና በየቀኑ ዳገቱን ለቅዳሴ እንደሚወጡ ማን ልብ አለ? እኔ ልብ ብያለሁ። የተማርኩትም ሥነ ምግብ ነው። ግን ታላቅ ሰው ሲደሰት እንዴት ይቋረጣል?

እሳቸውም ከፋሲካ በኋላ ለሚደረገው የልጃቸው ሠርግ በከሳው ወገባቸው ልክ ቀሚስ አሰፉ።

ፋሲካ ገባ። ዶሮው ተበላ፣ ቅቤው ተበላ፣ ሻዩም በላዩ ተጠጣ። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ቀሚሱ ወገባቸው ላይ አልዘጋ አለ።

«ምነው ይሄ ሻይ ከዳኝ?» አሉ ሊያለቅሱ ደርሰው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እትዬ፣ ያከሳዎት እኮ ጾሙ ነው» አልኳቸው።

«ሸጋ! እንግዲያው ከዛሬ ጀምሬ እጾማለኋ!» ብለው ተነሡና ወዲያው መልሰው ተቀመጡ። «ውይ! በበዓለ ሃምሳ ይጾማል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ ይህን እውቀት ጾም ለተከለከለበት ጊዜ አስቀመጥሽልኝ? በይ ሻዩን አፍይልኝ፤ ጠንከር አድርገሽ!»

ሻዩን ጣድኩላቸው። ከዚያ ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ፒያሳ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሮጥኩ። በእነዚህ ሃምሳ ቀናት ወገብን የሚያድን እሱ ብቻ ነው።