በአንድ ድምፅ የሚመልስ ክፍል

አንባቢ ሆይ፣ መምህር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ባወጣ ቁጥር ያንኑ ተቀብሎ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ የሚጮህ ክፍል ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ለማስተማር ከደብረ ማርቆስ መተማ ተመድቤ ስሄድ ገጠመኝ። እንግሊዞቹ ራሳቸው እንዲህ የሚጮኹ አይመስለኝም። ግን ለኢንስፔክተር ከዚህ የበለጠ ምን የዕውቀት ምልክት አለ?

ኢንስፔክተሩ ከጎንደር የመጣ ዕለት ሦስተኛ ክፍል ቆሜ እመቤቴን በልቤ እማጠን ነበር። ጭንቀቴ ስለ ተማሪዬ ስለ ሐዋ ነው። ሐዋ ቤቷ ጉሙዝኛ፣ ገበያ ዓረብኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛውን ግን ዝም ብላ ታዳምጣለች። ኢንስፔክተር ፊት ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ወደ ሁለተኛ ክፍል ይመለሳል። እርሷ ከተመለሰች አባቷ ከትምህርት ሊያስቀራት ቆርጧል።

ሰውየው ሲገባ ልጆቹ ተነሡ። እንዲቀመጡ ብሎ «ሲት ዳውን» አላቸው።

«ሲት ዳውን» ብለው ጮኹ፣ እንደ ቆሙ። ሐዋ ብቻ ዝም ብላ ተቀመጠች።

«ጓዲት፣ ያቺ ልጅ ለምን አትመልስም?»

«ጓድ፣ የገባት እኮ እርሷ ናት» አልኩ።

«አፏን ሳትከፍት በምን ታወቀ? ወደ ሁለተኛ ትመለስ።»

ይህን ስትሰማ ሐዋ ብድግ አለችና ከሁሉም አስበልጣ «ሲት ዳውን» ብላ ጮኸች።

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አለ። «አየሽ፣ ሲቆጧት ትችላለች። ትቀጥል።»

ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። እርሱ ከወጣ በኋላ ቀስ ብዬ፣ «ሐዋ፣ ሲት ዳውን» አልኳት። እንደ ቆመች መልሳ ጮኸችልኝ።