ትልቅ ጎማ በድሮው ባሌስትራ

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአዲስ አበባ ስመጣ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የጻፍኩት የእናቴን የአስቤዛ ዝርዝር ብቻ ነው። ሀሌታው ሀ በሚገባበት ቦታ ሐመሩ ሐ ገብቶ ብታገኙት አይታችሁ እንዳላያችሁ እለፉት። ፊደሎቼ እንደ እኔ ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው ይጣመማሉ።

ስቶክሆልም ውስጥ በየሐበሻው ቤት አንድ አስተርጓሚ አለ። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍት የለውም፣ ብዙ ጊዜም አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላውም። የኮሙን፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ይጠራል፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ ይጠራል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ጎረቤት ሲቆጣም ይጠራል። የሚገርመኝ ይህ ሥራ ሲታደል ወሬ የሚወዱትን ሁሉ ዘሎ ዝምተኛዋ ላይ መውደቁ ነው። በእኛ ቤት ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ደወል መጫን አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪጫን ጠብቄ፣ ከቤቴ አንድ ፌርማታ አልፌ ለምወርደው ለእኔ።

አባዬ እዚህ አገር ከእኛ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው። ግን ባቡር የሚያጸዳው ከየአገሩ ከመጡ ሰዎች ጋር ስለሆነ፣ ስዊድንኛው ሰላምታ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የትም ሲሄድ እኔን ያስቀድማል። «የኔ ልጅ ስዊድንኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» ይላል። ውሃም ትን እንደሚል አይነግራቸውም።

አባዬ አሮጌ ፒክአፕ አለው። መቼም ታውቃላችሁ፣ ፒክአፕ ያለው ሐበሻ የራሱ መኪና የለውም፤ መኪናው የማኅበሩ ነው፣ የጎረቤቱ ነው፣ ቤት የሚቀይረው ሰው ሁሉ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ለአንድ ክርስትና ወንበር ጭኖ ሁዲንጌ የሚባል ሰፈር ሄደና አዳራሹ በር ላይ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ወጥተው ገፉት። ጋሽ ተፈራ የሚባሉ፣ ቀልዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው፣ «ይሄ መኪና ነው ወይስ የእጅ ጋሪ?» አሉ። ሳቁ ኬኩ እስኪቆረስ አላለቀም። አባዬም አብሮ ሳቀ።

ቤት ከገባ በኋላ ግን አልሳቀም።

በጋውን ሙሉ ስልኩ ላይ የጎማ ፎቶ ሲያይ ከረመ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ኪስታ ከሚኖር ሰው አራት ትልልቅ ጎማ ከነቸርኬው ገዝቶ መጣ፤ ሲቆሙ ወገቤ ሊደርሱ ትንሽ ነው የቀራቸው። ለማስገጠም ወደ ፊቲያ ሄድን። እዚያ ከባግዳድ የመጡ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ጎሚስታ አሉ። ያኔ ሐበሻው ሁሉ የእሳቸው ደንበኛ ነበር።

ከተማው በሙሉ የበረዶ ጎማ የሚያስገጥምበት ሰሞን ስለነበር ሰዉ ከበሩ አልፎ ውጭ ድረስ ተሰልፏል። ሽማግሌው አንዱን ጎማ ከኋላ ገጠሙና ቆም አሉ። እጃቸውን በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ጣታቸው እንጂ መዳፋቸው አላለፈም። አባዬ በደስታ ጎሸም አደረገኝ፤ «አየሽ ትልቀቱን! እጅ እንኳ አያሳልፍም» አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በስዊድንኛ፣ በዝግታ ብዙ ተናገሩ። ያሉት ይህን ነው፦ መኪናው ባዶውን ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንም አይል፤ ዕቃ ተጭኖበት ሲታጠፍ ግን ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ይቀመጣል። ከስር ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ እነዚህን ጎማዎች ለመሸከም መጀመሪያ መኪናው ከፍ መደረግ፣ ከዚያም ምርመራ ማለፍ አለበት። እስከዚያው ግን ምንም አይጫንበት።

«ምን አሉ?» አለ አባዬ።

ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ዓይን ጀርባዬን ይወጋኛል። ይህን ሁሉ ብተረጉምለት አባዬ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። «በስንት ጣት ከፍ ይበል?» ይላል፣ «ትንሽ ዕቃስ?» ይላል፣ «ኪስታ ያለው ሰው ግን እንዲህ ብሎኛል» ይላል፤ እኔም በሁለቱ መሀል እንደ ኳስ ስመላለስ ሰው ሁሉ ይሰማኛል። የአባዬ ፊት ደግሞ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ይሆናል ይላሉ» አልኩት።

አባዬ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ሁሉ ንግግር ‹ይሆናል› ለማለት ነው?»

«ስዊድንኛ ረጅም ነው አባዬ።»

እንዲህ ሆነና ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ብለን ኖርን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ወደ መኪናው ስትንጠላጠል፣ ጋሽ ተፈራ «መሰላሉ ለብቻው ነው የሚሸጠው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አባዬ ግን ቀልዱን እንደ ሽልማት ይቀበለው ነበር። በታጠፍን ቁጥር ከስር ኽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። «አዲስ ጫማም እኮ መጀመሪያ ይጮኻል» ይላል አባዬ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገ እላለሁ። ሰው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል፤ ስላልተከፈተ አፍ ወለምታ የተናገረ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ከእኛ ሰፈር ወደ ሁዲንጌ ቤት ቀየሩ። እትዬ ዘውዴ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከዕቃቸው ሁሉ የሚሳሱለት ባለ መስታወት ብፌ ነበር፤ ባላቸው እዚህ አገር በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት የገዙት ነው። አባዬ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ ጫነው። አልጋውም ተጫነ፣ ፍሪጁም ተጫነ። እሳቸው በሮቹ መንገድ ላይ እንዳይከፈቱ ብፌውን ቆልፈው፣ ቁልፉን በጃቸው ጨብጠው ከአባዬ ጎን ተቀመጡ። «ቀስ በል እንግዲህ ልጄ» አሉት። እውነት ለመናገር፣ አባዬ እንደዚያ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም እያወሩ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት።

ሁዲንጌ ልንደርስ ስንል ካለው አደባባይ ላይ ስንታጠፍ መኪናው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን እንደ ቢላ ቀደደው። ፈነዳ። መኪናው የመንገዱን ጠርዝ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆመ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ ከኋላችን የመስታወት ድምፅ ሰማን። ሰው አልተጎዳም። እትዬ ዘውዴ ቀስ ብለው ወርደው ሣሩ ላይ የተበተነውን አዩ። «ቤዛችሁ ይሁን፣ ቤዛችሁ ይሁን» አሉን። ብዙ ቆይተን ክሬን እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ ቁልፉን አሁንም እንደጨበጡ አየሁ።

አባዬ እዚያው ቆሞ ወደ እኔ ዞረ። «ሰውዬው ይሆናል ብለው አልነበር?» አለኝ። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

እሁድ ጋሽ ተፈራ በዚህ አልቀለዱም። «ማን ነው የገጠመልህ?» ብቻ አሉ፤ አባዬም ነገራቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የፊቲያው ሽማግሌ ሐበሻን የሚያታልሉ ሰው ሆኑ። እሳቸው ዘንድ ለዓመታት ጎማ ያስለወጡ ሰዎች ሁሉ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ማለት ጀመሩ። እናቴ ብቻ አንድ ቀን እኔን እያየች፣ «ልጅ ናት፤ ምናልባት አሳጥራ ነግራህ ይሆናል» አለች። አባዬ ተቆጣ። «የኔ ልጅ? እሷ ያልሰማችውን ስዊድናዊም አይሰማው።» ቢጠረጥረኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ፒክአፑ የድሮ ጎማውን አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በደንብ ይሄዳል። የተረፉት ሦስቱ ትልልቅ ጎማዎች በረንዳችን ላይ ተደራርበዋል፤ እናቴ ትራስ ጣል አድርጋባቸዋለች። አባዬ ከሥራ ሲመጣ እላያቸው ላይ ይቀመጣል። ከፍ ማለቱ አልቀረበትም።

እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አውቶቡሱ በሽማግሌው በር ያልፋል። መስኮቱ ላይ ካዩኝ እጃቸውን ያነሡልኛል። ለምን ሐበሻ እንደቀረባቸው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እስካሁን የጻፍኩትን እናቴ ትገምተዋለች። የሚቀጥለውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የዚያን ቀን ሽማግሌው የቀሩትን ሦስት ጎማዎች ከመግጠማቸው በፊት፣ የብሎን መፍቻውን እንደያዙ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። አባዬ ውጭ ወጥቶ በስልክ ያወራ ነበር። ማንም እንዳይሰማን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁሉንም ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ያ» አልኩ። አዎ ማለት ነው። እንዲህ አጭር ስዊድንኛም አለ።