ለአማቴ ጀልባ ላይ የተነሳሁ ዕለት

ጨዋ ሰው ጀልባ ላይ መሳፈር የለበትም። ሰካራም ይሳፈር፣ ነዝናዛ ይሳፈር፣ ካስፈለገ ሌባም ይሳፈር፤ ሌባ ቢያንስ አንዴ ከተቀመጠ ዓይኑን እንጂ መቀመጫውን አያንቀሳቅስም። ጨዋ ሰው ግን… ጨዋ ሰው ወደ ጀልባ ሲጠጋ ባየሁ ቁጥር ፖሊስ ልጥራ ልጥራ ይለኛል። ይህን የምለው ስድ ስለሆንኩ አይደለም። (አንዳንዶቻችሁ እዚህ ላይ ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ አንብቡ።) የምለው በገዛ ጨዋነቴ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ጣና ውስጥ ልዘፍቅ ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ ዳንግላ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በየጠዋቱ ክፍል ስገባ ስልሳ ተማሪ ብድግ ይልልኛል፤ ለትልቅ ሰው መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። ታዲያ እኔና ባለቤቴ በተጋባን በሦስተኛው ወር ኢንጅባራ ለቅሶ ሄድን። አዲሱ ጫማዬ እግሬን ጨርሶት ስለነበር ቀስ ብዬ አግዳሚው ሥር አወለቅሁት። ልክ በዚያች ደቂቃ አማቴ አቶ ፈንቴ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። እኔ ጎንበስ ብዬ በእጄ ጫማ እየዳበስኩ ቀረሁ። ባዶ እግሬን ልነሳ? ካልሲዬ ደግሞ አውራ ጣቴን ለሕዝብ የምታሳይ ዓይነት ነበረች። ጫማውን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አማቴ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ።

አማቴ ከኢንጅባራ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም ነው፣ ፈረስ ይወዳሉ፣ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ሲናደዱ ግን ወደ አዊኛ ይሻገራሉ። እኔ አዊኛ ስለማልችል ባለቤቴ ትርንጎ ትተረጉምልኛለች፤ ብቻ ስትተረጉም ማሳጠር ትወዳለች። የዚያን ዕለት አማቴ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል በአዊኛ ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ትንሽ ቅር ብሎታል» አለች።

ያ «ትንሽ ቅር» ሁለት ዓመት ፈጀ። አማቴ ከዚያ ወዲህ የቤታችንን ደጃፍ አልረገጡም። ልጃችን ሲወለድ መጡ፤ የግቢው በር ላይ ቆመው ሳሙት፤ መረቁት፤ ሄዱ። ለገበያ ዳንግላ ሲመጡም ጋሪያቸውን በራችን ላይ ያስቆሙና ትርንጎ ልጁን ታቅፋ ትወጣለች፤ ከጋሪው ሳይወርዱ ጎንበስ ብለው ግንባሩን ይስማሉ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ልጁ አስራ አንድ ወር ሊሞላው ሆኖ አያቱ ጉልበት ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠም። ቀልዱን ለጊዜው እንተወውና፣ ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ትርንጎ ደግሞ ጋሪው ከሄደ በኋላ ዕቃ ማጠብ ታበዛለች፤ የታጠበውንም ጭምር።

በመጨረሻ መላ የዘየደችው እሷው ናት። አባቷ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጣና ደሴቶችን መሳለም ይመኙ ነበር። ሴት የማይገባባቸውን ትታ ሁለት ደሴቶች መረጠች፤ ጠዋት ሄዶ በዕለቱ መመለስ። «እሱም ይመጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ አማቴ። «እሱ» እኔ ነኝ። «ይመጣል» አለቻቸው። «ይምጣ፤ ሐይቁ የእኔ አይደል» አሉ። ልጁን ጎረቤት አስቀምጠን፣ እሳቸውን ከኢንጅባራ በመጣው ሚኒባስ ላይ አግኝተን፣ ባሕር ዳር ወረድን። እኔ መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስለማመድ ነበር፤ መነሳት። ጫማዬም የማይወልቅ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ የታሰረ ሆነ።

ወደቡ ላይ አማቴ ወዲያው አልተሳፈሩም። ሊገዙት እንደመጡ ፈረስ ጀልባውን ዞረው አዩት። ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ዕድሜውን ጠየቁ። ነጂውን፣ ሁሉም ካፒቴን የሚለውን ቀጭን ሰውዬ፣ ጠጋ ብለው «ይደነግጣል?» አሉት።

«ጀልባ ነው እኮ አባቴ።»

«ጀልባ መሆኑን አይቻለሁ። ይደነግጣል ወይ ነው የምልህ።»

ካፒቴኑ ትንሽ አሰበና «ሰው ካላስደነገጠው አይደነግጥም» አለ። አማቴ በመልሱ ረኩ። ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ከጋቢያቸው በላይ አላደርግም ብለው ከጋቢው ሥር አደረጉት፤ የደረታቸው ስፋት እጥፍ ሆነ።

እኛ ቀድመን ተቀምጠናል። እኔና ትርንጎ፣ እንዲሁም ከመራዊ የመጡ ስድስት የጽዋ ማኅበር ሰዎች፣ ሁሉም በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሁሉም ጨዋዎች። አማቴ ጀልባው ውስጥ አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ እኔ ቀድሜ ብድግ አልኩ። «ኖር አባባ!» ማኅበርተኞቹም ተከትለው ተነሱ። ጀልባው ወደ ግራ ዘመም አለ።

«በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጡ» አሉ አማቴ።

«እርስዎ ይቀመጡ» አልን።

«ኧረ እናንተ ቅደሙ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ…»

ይህ ጨዋታ መሬት ላይ ሆኖ ቢሆን እስከ ምሳ ያቆየን ነበር። ጀልባው ግን አሁን ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ውሃው ጠርዙን ልሶ ተመለሰ። አንድ ሰው ሆዱ ፈራና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ ገምቱ… አማቴ ቆመው እኔ ተቀምጬ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያንኑ የድንኳኑን አስተያየት አዩኝ።

ካፒቴኑ ሁሉም እስኪቀመጥ ጠብቆ ሕግ አወጣ። «እዚህ ጀልባ ላይ ለማንም አይነሳም። ጳጳስ ቢገቡ አይነሳም። መከባበር ካማራችሁ መሬት ስንደርስ ትከባበራላችሁ።» ሞተሩን አስነሳና ሄድን።

የመጀመሪያው ደሴት ላይ ነገሮች ተሻሻሉ። አማቴ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ጠበል ጠጥተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ወጡ። በጫካው ውስጥ ወደ ወደቡ ስንወርድ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ። ይህ ደሴት ሥር አለው ወይስ ተንሳፎ ነው?»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለአስራ ሁለት ዓመት ደሴት ሳስተምር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ከእሳተ ገሞራ ጀመርኩ። ወደ ዓባይ ምንጭ ተሻገርኩ። በጣቴ አየር ላይ ካርታ ሣልኩ። ስጨርስ ጀልባው ጋ ደርሰን ነበር።

«ለተማሪዎችህም የምትነግራቸው እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ምስኪኖች» አሉ። ግን በአማርኛ ነው ያሉት። ትርንጎ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ ተስፋ አለ ማለቷ ነው።

ሁለተኛው ደሴት ላይ ተሳልመን ስንጨርስ እኛ ቀድመን ጀልባው ውስጥ ገባን። አማቴ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጋር ጨዋታ ይዘው ዘገዩ፤ ፈረስ በሌለበት አገር ሰው እንዴት እንደሚኖር እየጠየቋቸው ነበር። ካፒቴኑ ሕጉን ደገመ። «አደራ፣ ማንም እንዳይነሳ። ይህ ወደብ ድንጋይ ነው፣ ጀልባው አይታሰርም።» ሁላችንም እሺ አልን።

አማቴ መጡ። ቀኝ እግራቸውን ጀልባው ውስጥ አኖሩ፤ ግራው ድንጋዩ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቆም አሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቆም የሚለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለእኛ ጊዜ ሊሰጠን ነው። የተነሳ ሰው የለም። ማኅበርተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። አንዲት እናት «ይቅር ይበሉን አባቴ፣ ሕግ ሆኖብን ነው» ብለው አጉተመተሙ። የአማቴ ዓይን ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ እያለፈ መጣና እኔ ላይ አረፈ።

በአንድ በኩል የካፒቴኑ ሕግ አለ። በሌላ በኩል ሁለት ዓመት፣ ጋሪው፣ የግቢው በር፣ ልጄ። ውሃ ይብላኝ አልኩ። «ኖር አባባ!» ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ብቻ ተነስቼ ቢሆን ምንም አይደለም ነበር። ነገር ግን አንድ ጎረምሳ አስተማሪ ቆሞ የመራዊ ሽማግሌዎች እንዴት ይቀመጡ? ስድስቱም እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ትርንጎም ተነሳች፤ እሷስ የገዛ አባቷ አይደሉ? ሁላችንም ደግሞ ወደ እሳቸው ዞረን፣ በአንድ በኩል። ካፒቴኑ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ልጆች አሉ።

ጀልባው ተንሸራተተና ከድንጋዩ ራቀ። የአማቴ ቀኝ እግር ከጀልባው ጋር ሄደ፤ ግራው ደሴቱ ላይ ቀረ። በመሀል ያለው ሰውዬ እየሰፋ መጣ። ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ደግሞ ላይፍ ጃኬቴን ያዙ፤ ተያይዘን ገባን። ስድስቱ ማኅበርተኞችና ትርንጎ በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ኋላ ወድቀው ጀልባው ውስጥ ተደራረቡ፤ ጀልባውም ተስተካከለ።

እኔ ዋና አልችልም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን እያማታሁ፣ «ሰመጥኩ፣ ያዙኝ!» እላለሁ። ላይፍ ጃኬት መልበሴን ረስቻለሁ። በዚያ ሁሉ መንፈራገጥ መሀል ከበላዬ አንድ የተረጋጋ ድምፅ ሰማሁ።

«ተነስ።»

«አልችልም አባባ!»

«ተነስ እልሃለሁ!»

እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ። መሬት አገኘሁ። ተነስቼ ቆምኩ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ጋቢያቸው ዙሪያቸውን ውሃው ላይ ተንሳፏል። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ በአዊኛ። መነኩሴው ከወደቡ፣ ማኅበርተኞቹ ከጀልባው ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሞተሩ ራሱ ጠፍቶ ነበር። ንግግሩ መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው፣ መካከል ላይ የእኔ ስም አራት ጊዜ ተጠራ።

«ምን አሉ?» አልኳት ትርንጎን።

«ውሃው ቀዝቅዞታል» አለች።

ካፒቴኑ የጥሊሊ ሰው ኖሯል፤ አዊኛ ይሰማል። ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመልሱ መንገድ ማንም አልተነሳም። ባሕር ዳር ፀሐይ ነበር፤ ግን ሚኒባሱ ሊነሳ ስለነበር ለማድረቅ ጊዜ አላገኘንም። መራዊን አልፈን ወደ ዳንግላ ስንቃረብ ዝናብ ጀመረ፤ ደጋው ብርዱን ላከብን። የአማቴ ጥርስ ሲጋጭ ከኋላ ወንበር ይሰማኛል። ዳንግላ ስንደርስ ትርንጎ «አባዬ፣ ውረድ» አለቻቸው።

«ኢንጅባራ ነኝ» አሉ።

«በዚህ ልብስ ኢንጅባራ ከደረስክ ነገ ለቅሶህ ላይ ነኝ። ውረድ።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆጣ ብላ አናግራቸው አታውቅም። ወረዱ። ባጃጅ ይዘን በራችን ላይ ደረስን። አማቴ የግቢውን በር ይዘው ቆሙ፤ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሰማዩን አዩ፤ ሰማዩ የባሰበት ነው። ገቡ።

ትርንጎ እሳት አነደደች፤ ልጁን ከጎረቤት አመጣች። ለአባቷ የትምህርት ቤቱን ስፖርት ቱታዬን ሰጠቻቸው። እኔ ልብሴን ቀይሬ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለሁ አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። ቱታው ከጉልበታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ባት ነው። በዚህ ሁኔታም ቢሆን አማት አማት ነው። ለመነሳት ጉልበቴን ያዝ አደረግሁ።

አማቴ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ። «ተቀመጥ! ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል!»

ተቀመጥኩ። ወለሉን በእግራቸው ጣት ሞከር ሞከር አደረጉት። እንደማይዘም ካረጋገጡ በኋላ ቀስ ብለው መጥተው እሳቱ አጠገብ ዱካው ላይ አረፉ። ለእሳቸው ተብሎ ሁለት ዓመት ባዶውን የተቀመጠ በርጩማ ነው። ትርንጎ ከጓዳው በር ላይ ሆና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

ልጁ ወደዚህ ረጅም እንግዳ እየዳኸ ሄዶ ሥራቸው ደረሰ። ቀና ብሎ አያቸው። የዱካውን ጠርዝ ያዘና ተንጠራራ፤ ተነሳ። ከዚያ ጠርዙን ለቀቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይደገፍ፣ እየተወዛወዘ፣ አያቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

አማቴ ከወገባቸው ጎንበስ አሉለት። «በእግዜር፣ በእግዜር ጌታዬ። ይቀመጡ» አሉት። ልጁ ዘጭ አለ። አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና በልጁ ራስ ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ይኸኛው ሥርዓት ያውቃል» አሉ።

እኔ እንደታዘዝኩት ተቀምጬ ነበር።