ንባብ የሌለው ትርጓሜ

ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ባለቤቷ ወይዘሮ ብርሃን፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሐዲስ፣ ከደሃና ወረዳ የመጣው ነርስ ጌታሁን፣ እዚህ ሰቆጣ ተመድቦ የመጣው መምህር ዮናስ እና እኔ ነበርን።

አንባቢዎቼ፣ የመኖር ተርጓሚ ገጥሟችሁ ያውቃል? ዮናስ እንዲያ ያለ ሰው ነው። አንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ስለ መኖር የጻፈውን ያብራራል፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አያመልጠውም።

«ይህ ብርጭቆ አለ። አለ ማለት ምንድን ነው? አንድም ለእጃችን የተመቸ ነው፤ አንድም እስኪሰበር ድረስ ልብ አንለውም» አለ።

«ብቻ እንዳትሰብረው፣ የኔ ጌታ» አሉ ወይዘሮ ብርሃን።

«እኛ ክሊኒክ ውስጥ ‹አለ› ማለት ይተነፍሳል ማለት ነው» አለ ጌታሁን።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ንባቡ፣ የመጽሐፉ ቃል ራሱ፣ ሳይባል ትርጓሜ አይጀመርም። እስቲ ንባቡን በለው!»

ዮናስ ብርጭቆውን አዞረ። «መጽሐፉን እንኳ አላገኘሁትም። ያነበብኩት ሌሎች የተረጎሙትን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ንባቡን እኔ አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ በስልኬ፣ በጀርመንኛ መዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ስታገል የከረምኩት ከእሱ ጋር ነው። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም ትሉኝ ይሆናል። ብናገር የሚያፍረው፣ በዚህ ከተማ ስለ መኖር የሚያወራኝ ብቸኛው ሰው ነዋ! ሻዬን ጠጣሁ።

ዮናስ ሲወጣ «ነገ እንቀጥላለን» አለ። በማግስቱ ሄድኩ፤ በሠልስቱም ሄድኩ። እሱ አልመጣም።

እንግዲህ በቦታው የነበራችሁ፣ የዘለልኩት ካለ ሙሉልኝ። በተለይ ይህን አስታውሱልኝ፦ «ነገ» ሲል ወደ እኔ እያየ ነበር?